እትዬ ቡና ላይ ያወሩት ቤሩት ደረሰ

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ፤

ዓምድዎን ከእናቴ ጋር ነው የማነበው። ዛሬ ግን ተደብቄያት ነው የምጽፍልዎ።

26 ዓመቴ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ፣ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ግቢ በሚኖርበት የቀበሌ ቤት ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ቀን ቀን በአንድ ቢሮ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት የቤታችንን ውሎ በስልኬ እየቀረጽኩ ዩቲዩብ ላይ መጫን ጀመርኩ። እናቴ ሽሮ ስታንተከትክ፣ በርበሬ ስትቀነጥስ፣ እሑድ ከሰዓት ጎረቤት ቡና ላይ ሲሰባሰብ። ሌላ ነገር የለውም። ሰው ግን ወደደው። አሁን 14,000 ተከታይ አለኝ። “ቤተሰብ” ነው የምላቸው። አብዛኞቹ አረብ ሀገር ያሉ እህቶች ናቸው። “ድምፃችሁን ከፍቼ ነው ወጥ የምሠራው”፣ “እናትሽ እናቴን ትመስላለች” ይሉኛል። የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ተነሥተው ኮንዶሚኒየም የገቡ የድሮ ጎረቤቶቻችንም ያዩታል። “ሰፈር የገባን ይመስለናል” ይላሉ። ገንዘብ ብዙ የለውም፤ አልፎ አልፎ የሱቅ ማስታወቂያ እሠራለሁ።

አንድ ነገር ልንገርዎ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስናገር እንተባተባለሁ። ትምህርት ቤት እጄን አውጥቼ መልስ መልሼ አላውቅም። ቪዲዮ ላይ ግን ኤዲት አደርገዋለሁ። የተንተባተብኩበትን ሁሉ እቆርጠዋለሁ። እዚያ ላይ ያለችው ልጅ ተናጋሪ ናት፤ ቀልደኛ ናት። እኔም ወደድኳት።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው አንድ እሑድ፣ እንደልማዴ ስልኬን ቁም ሣጥኑ ላይ አቁሜው ቡና ይጠጣ ነበር። ጎረቤታችን፣ እትዬ ልበላቸው፣ ቤሩት ያለች ልጃቸው ለቤት መሥሪያ ብላ የላከችውን ገንዘብ ለታናሽ ወንድሟ ንግድ ሰጥተውት ገንዘቡ እንዳለቀ ተናገሩ። አለቀሱ። ሴቶቹ አጽናኗቸው፤ በመጨረሻ አንዷ የሆነ ነገር ብላ ሁሉም ሳቁ። ማታ ኤዲት ሳደርግ ሰምቼዋለሁ፤ አልዋሽዎትም። “እውነተኛ ጨዋታ ነው፤ ሰው ይወደዋል” ብዬ ተውኩት።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የማላውቀው ሰው ያንን ክፍል ብቻ ቆርጦ “የአረብ ሀገር ብር የት እንደሚገባ ተመልከቱ” ብሎ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ስድቡን አንብቤ መጨረስ አልቻልኩም። ለካ የእትዬ ልጅም ከተከታዮቼ አንዷ ነበረች። አሁን የእናቷን ስልክ አታነሣም። ለእኔ ግን ኢንቦክስ ጻፈችልኝ። “አንቺ ባትኖሪ እስከዛሬ እየተሸወድኩ ነበር። ቪዲዮውን እንዳታጠፊው። ሌላ የምታውቂው ካለም ንገሪኝ” አለችኝ።

እትዬ እናቴን አያናግሯትም። እናቴ አፍልታ ብትጠራም የሚመጣ የለም። እኔ ግቢ ስገባ ወሬው ቀጥ ይላል። እናቴ “የሠላሳ ዓመት ጉርብትናዬን በአንድ ስልክ አፈረስሽብኝ” አለችኝ።

በዚህ መሀል ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ አንዲት ተከታዬ አየችኝና ደስ ብሏት መጣች። ሰላም ልላት ስል ቃሉ አልወጣ አለኝ። “አንቺ ነሽ እንዴ?” አለችኝ ግራ ገብቷት። ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

የይቅርታ ቪዲዮ ቀርጬ አስቀምጫለሁ። ልልቀቀው? የቡናውን ቪዲዮ ላጥፋው ወይስ የልጅቷን ቃል ላክብር? ወይስ ሁሉንም ዘግቼ ልተወው? ከተውኩት ግን ያቺ የምትናገረዋ ልጅ የምትሞት ይመስለኛል።

ግራ የገባት፣ ከአራት ኪሎ


መልስ

ውድ እህቴ፤

የይቅርታውን ቪዲዮ አትልቀቂው። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራዋለን፤ ይሄን ግን አስቀድሜ ልበልሽ።

የተቀየሙሽ እትዬ ናቸው እንጂ 14,000 ሰው አይደለም። እሳቸው ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ ናቸው። ይቅርታሽ ቤሩትንና ዱባይን ዞሮ በዩቲዩብ ከደረሳቸው፣ ጉዳያቸው እንደገና አደባባይ ወጣ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ቪዲዮ ያላየውም ሰው “ምን ተብሎ ነው?” ብሎ ይፈልገዋል። ኮመንቱ ላይ ደግሞ “አንቺ ምን አጠፋሽ፣ አይዞሽ” የሚልሽ ይበዛል። ይቅርታ ልትጠይቂ ወጥተሽ ተጽናንተሽ ትመለሻለሽ። እትዬ ግን ከዚያ ሁሉ የሚደርሳቸው ነገር የለም።

ይህን ሳነብ “ታዲያ ይሄ ዓምድስ ምን እያደረገ ነው?” የምትል አንባቢ አትጠፋም። ልክ ናት። ለዚህ ነው ደብዳቤሽ ከመውጣቱ በፊት እትዬን የሚያሳውቁ ምልክቶችን የቀየርነው፤ አንቺም አይተሽ የተስማማሽው። እናትሽም ዓምዱን ስለሚያነቡ፣ መጻፍሽን አስቀድመሽ እንድትነግሪያቸው የጠየቅሁሽ ለዚሁ ነው።

የቡናውን ቪዲዮ ዛሬ ማታ ፕራይቬት አድርጊው። “አንሊስትድ” የሚለው አይበቃም፤ ሊንኩ እጁ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያየዋል። ማጥፋቱ ግን አያስቸኩልም። ያንን እትዬ ይወስኑት። ቲክቶክ ላይ የተለቀቀውን ቁራጭ በተመለከተ፣ የቀረጽሽው አንቺ ስለሆንሽ የቅጂ መብት አቤቱታ የምታቀርቢው አንቺ ነሽ። ዩቲዩብ ላይም ሌላ ሰው ጭኖት ከሆነ፣ እትዬ ራሳቸው ምስሌና ድምፄ ያለፈቃዴ ወጣ ብለው የግላዊነት አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ ለጫነው ሰው እንዲያነሣው 48 ሰዓት ይሰጠዋል። ቅጹን እሳቸው ሊሞሉት አይችሉ ይሆናል። ከፈቀዱልሽ አጠገባቸው ተቀምጠሽ የምትሞዪላቸው አንቺ ነሽ። ሁሉም ቅጂ ይጠፋል ብዬ ቃል አልገባልሽም። እንዳይዛመት ግን ያግዛል።

አሁን ወደ ከበደው እንምጣ።

ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ቆሜ ቀረሁ። “የተንተባተብኩበትን ሁሉ እቆርጠዋለሁ” ብለሻል። እትዬ ያለቀሱበትን ደግሞ “ሰምቼ ተውኩት” ብለሻል። ያው ማታ፣ ያው ስልክ፣ ያው መቁረጫ። አንቺን የሚያሳፍርሽ ወጣ፤ እሳቸውን የሚያሳፍራቸው ቀረ። ይሄን የምለው ልወቅስሽ ብዬ አይደለም፤ ራስሽን በበቂ ሁኔታ ወቅሰሻል። ግን ልጠይቅሽ፦ ያን ማታ እትዬ አጠገብሽ ተቀምጠው ስክሪኑን ቢያዩ ኖሮ ምን ይሉሽ ነበር? መልሱን ያን ጊዜም ታውቂው ነበር ብዬ እገምታለሁ። “አልዋሽዎትም” ያልሽኝ ለዚያ ይመስለኛል።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ቡና ላይ ግን ቢያመልጥም ችግር የለውም። ግማሹ ሰው ቡና የሚጠጣው ለዚያ ነው። እትዬ ያንን ገመና ያወጡት ዙሪያውን የተቀመጡትን ሴቶች አይተው ነው። ማን ወሬ እንደምታወጣ፣ ማን እንደምትይዝ፣ የማን ልጅ ከማን ልጅ ጋር እንደምትደዋወል አሳምረው ያውቃሉ። ቁም ሣጥን ላይ የቆመውን ስልክ ግን ከተቀመጡት ጋር አልቆጠሩትም። ማን ይቆጥረዋል?

የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲው አንትሮፖሎጂስት ማይክል ዌሽ፣ ዩቲዩብ ገና ልጅ በነበረበት ጊዜ ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ የቪዲዮ ቀራጮችን ሁኔታ አጥንቶ ነበር። ሰው ፊት ለፊት ሲያወራ አድማጩን እያየ ቃሉን ይመርጣል። ካሜራ ፊት ግን አድማጩ ማን እንደሆነ፣ የት ሆኖ፣ መቼ እንደሚሰማ አይታወቅም። እናትም፣ አለቃም፣ የሚጠላሽም፣ ከዓመታት በኋላ የሚያይሽ እንግዳም በዚያች ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ አንድ ላይ ተጠቅጥቀዋል። ብዙ ሰው ካሜራ ሲበራ ምላሱ የሚተሳሰረው ለዚህ ነው አለ። የእትዬ ምላስ አልተሳሰረም። ካሜራው መኖሩን ረስተውታል።

ዩቲዩብ ላይ መጀመሪያ የተጫነውን ቪዲዮ አይተሽው ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 1997 ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ጃዌድ ካሪም ሳንዲያጎ በሚገኘው መካነ እንስሳት ዝሆኖች አጠገብ ቆሞ ስለ ኩምቢያቸው ርዝመት ያወራል። 19 ሰከንድ ያህል ነው፤ በቃ። ዝሆኖቹ አልተቀየሙም። ካሜራው ሳሎን ሲገባ ነው ነገር የመጣው።

ሳሎን መቀረጹም ለእኛ አዲስ አይደለም። ድሮ አሜሪካና አውሮፓ ላለ ዘመድ ድምፅ በካሴት ተቀርጾ ይላክ ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ ተራ በተራ ያወራል፤ ያለቅሳል፤ ማን ከማን እንደተጣላ ሳይቀር ይነግራል። ካሴቱ ግን የሚደርሰው ሰው ይታወቃል። በታመነ መንገደኛ እጅ ነው የሚሄደው። ያንቺ ቪዲዮ የዚያን ካሴት ሥራ ይሠራል፤ ናፍቆት ያስታግሣል። ልዩነቱ አድራሻ የሌለው መሆኑ ነው።

“ግን እኮ ሁልጊዜ እንደምቀርጽ ያውቃሉ” ትይኝ ይሆናል። ማወቅ መፍቀድ አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ በአንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሕዝብ ማሳየት እንደማይቻል ይናገራል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ለታወቁ ሰዎችና በአደባባይ ለሆነ ነገር ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። የእናትሽ ሳሎን አደባባይ አይደለም። እትዬ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ ብዬ አይደለም ይሄን ያነሣሁት። የቅሬታቸው ምክንያት የእልኸኛ ጎረቤት ኩርፊያ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው።

እንግዲህ እትዬ ዘንድ ሂጂ። ስልክሽን ቤት ትተሽ ሂጂ።

ድንገት በራቸው ላይ አትቁሚ፤ ያስጨንቃቸዋል። ሁለቱም ቤቶች የሚያከብሯቸው አንዲት ትልቅ ሴት ግቢው ውስጥ ወይም ዕድሩ ውስጥ አይጠፉም። “ልጅቷ ልትመጣ ትፈልጋለች፤ ትምጣ ወይ?” ብለው ይጠይቁልሽ። እናትሽ አብረውሽ ቢሄዱ ጥሩ ነው። እንዳይናገሩልሽ ግን አደራ በያቸው። እናት ስታይ ዝም አይላትም፤ “ልጅ ናት፣ አላወቀችም” ልትል ትችላለች። አውቀሻል። እትዬም ማወቅሽን ያውቃሉ። ስለዚህ “ሳላስብ ነው” አትበያቸው። “ሰምቼው ነበር፤ ሰው ይወድልኛል ብዬ ተውኩት፤ ማድረግ አልነበረብኝም” በያቸው። ከዚያ ቪዲዮው ምን እንዲሆን እንደሚፈልጉ ጠይቂያቸውና ያሉሽን አድርጊ። ማብራሪያ አታብዢ። ስለ ተከታዮችሽ ፍቅር እዚያ አታውሪ።

ቃሉ አልወጣ ቢልሽ ይቆይ። እትዬ ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትንተባተቢ ሰምተውሻል። እዚያ ቤት አዲስ ነገር አይሆንም።

ይቅር ላይሉሽ ይችላሉ። ወይም “ምንም አይደል የኔ ልጅ” ብለው ቡናው ላይ ሳይመጡ ይቀራሉ። በእኛ አገር “ምንም አይደል” ስንት ነገር እንደሚይዝ ታውቂያለሽ። አትጎትጉቻቸው። ውኃ ስትቀጂ ካገኘሻቸው አግዣቸው፤ ሰላም በያቸው፤ መልስ ባይሰጡሽም በማግስቱ ድገሚው።

ቤሩት ያለችው ልጅ ነገር ከበደኝ። ገንዘቡ የላቧ ነው። ሰው ቤት ጎንበስ ቀና ብላ ያጠራቀመችው ነው። ማወቋ ተገቢ ነው፤ መቆጣቷም ያስኬዳል። ግን እናቷ እንዴት እንደሚነግሯት ሲጨነቁ፣ እሷ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር እኩል በስልኳ ሰማችው። አመሰገነችሽ ማለት አልተጎዳችም ማለት አይደለም። አሁን ደግሞ ሌላ የምታውቂው ካለ ብላለች፤ የእናቷን ቤት እንድትጠብቂላት መሆኑ ነው። እዚያ ውስጥ አትግቢ። እንዲህ ብትጽፊላትስ፦ “እህቴ፣ ይሄን ከእኔ ቪዲዮ መስማት አልነበረብሽም፤ ይቅርታ። ቪዲዮውን አንሥቼዋለሁ። ከዚህ በላይ የምነግርሽ የለኝም፤ ከእናትሽ ጋር ተነጋገሩ።” በቃ። እንዳታጠፊው ብትልሽም፣ የሰማችውን ሰምታለች፤ ቪዲዮው ቢነሣ የሚቀርባት ነገር የለም። እትዬ ዘንድ ስትሄጂም የልጅቷን ኢንቦክስ ይዘሽ አትሂጂ። “ልጅዎ እንዲህ ብላኛለች” ካልሽ ሁለተኛ ጥፋት ይሆናል።

እናትሽ “የሠላሳ ዓመት ጉርብትና” ያሉትን የንዴት ቃል ብቻ አድርገሽ አትውሰጂው። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ፣ ቀጥሎ ካዛንቺስ ሲነሣ፣ አብሮ ያረጀ ጎረቤት እንዴት እንደሚበተን አይተዋል። እናንተም ሰፈር የተነሣው ተነሥቷል። እናትሽ የቀሩትን ሰዎች ይዘው ነው ቡናውን ያቆዩት። አሁን የፈረሰባቸው እሱ ነው።

እሳቸውንስ ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? በደንብ፣ ቁጭ ብለሽ ማለቴ ነው። 14,000 ሰው ያውቃቸዋል፤ እሳቸው ግን አንዳቸውንም አያውቁም። ስልኩ ሲቆም ነጠላቸውን ያስተካክላሉ? ሳይቀረጽ የሚቀልዱት ቀልድና ሲቀረጽ የሚቀልዱት አንድ ነው? አንዳንድ እናት ልጇ ደስ ካላት ብላ ብዙ ነገር ትችላለች። አንዳንዷ ደግሞ መቀረጹን ልጇ ከምትወደው በላይ ትወደዋለች። ያንቺ እናት የትኛዋ እንደሆኑ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

ይህን ሁሉ ስል ተከታዮችሽ የውሸት ናቸው እያልኩሽ አይደለም። “ዩቲዩብ ማኅበራዊ ኑሯችንን ገደለ” የሚለውን ወሬ ከእኔ አትጠብቂ። እ.ኤ.አ. በ1956 ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ የቴሌቪዥን ተመልካቾች በአካል የማያውቁትን አቅራቢ እንደ ቅርብ ወዳጃቸው ማየት እንደሚጀምሩ ጽፈው ነበር። ወዳጅነቱ ግን ከአንድ ወገን ብቻ ነው አሉ። ባንቺ ዘመን ኮመንትም ኢንቦክስም ስላለ ነገሩ ትንሽ ተቀይሯል፤ አንቺም ትመልሺላቸዋለሽ። ሪያድ ውስጥ ብቻዋን ወጥ የምትሠራ ሴት የእናትሽን ድምፅ ሰምታ ቀኗ ከቀለላት፣ ቀሏታል። ማንም አይወስድባትም። ኮንዶሚኒየም የገቡት ጎረቤቶችሽም ሰፈራቸውን የሚያገኙት ባንቺ በኩል ነው። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ግን ሰዎቹ ከቪዲዮሽ ላይ የሚወዱት ምኑን ነው? ሽሮውን አይመስለኝም። ሴቶቹ እንደልባቸው ማውራታቸውን ነው። አሁን አንቺ ስትገቢ ወሬው ቀጥ ይላል። እንደልብ ማውራት ከቀረ፣ ካሜራውም የሚቀርጸው አያገኝም። ስለዚህ የእትዬና የተከታዮችሽ ጉዳይ የተለያየ ጎራ አይደለም። ቡናውን ማዳን ለሁለቱም ነው።

ስለ “ያቺ የምትናገረዋ ልጅ” ላውራሽ። አትሞትም። መቁረጫ ትንፋሽና መደናቀፍ ይቆርጣል እንጂ ቀልድ አይፈጥርም። ቀልዱ ያንቺ ነው። ዌሽ ካየው ውስጥ ይህም አለ፤ ካሜራ አንዳንዱን ሲያስር ሌላውን ይፈታል። የሚያፈጥብሽ ዐይን የለም። ቃልሽን ከአፍሽ ነጥቆ የሚጨርስልሽ የለም። መንተባተብ ላለበት ሰው ይሄ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። ከዚያ ቦታ ያገኘሽውን ድፍረት እንደ ማጭበርበር አትቁጠሪው።

ካፌ ውስጥ ያገኘችሽ ልጅም ክፉ አልመሰለችኝም። የምታውቀው ድምፅና የሰማችው ድምፅ አልገጠመላትም፤ ደነገጠች፤ አፏ ላይ የመጣውን ተናገረች። ሌላ ጊዜ ቢያጋጥምሽ አጭር ነገር አዘጋጂ፦ “አዎ እኔ ነኝ። ስናገር እንተባተባለሁ፤ ትንሽ ታገሺኝ።” ፒያሳና አራት ኪሎ ደግሞ መገናኘቱ አይቀርም።

“ቪዲዮ ላይ ወጥተሽ ስለ መንተባተብሽ ተናገሪ” የሚሉሽ ይኖራሉ። ብትፈልጊ ጥሩ፤ ግዴታ ግን የለብሽም። የራስን ገመና ለተከታይ ማውጣት ሁልጊዜ ድፍረት አይደለም። እኔ የምመክርሽ ከዚያ ያነሰ ነው። ኮንዶሚኒየም ከገቡት ጎረቤቶችሽ ለአንዷ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላኪላት። ሳትደግሚው፣ ሳትቆርጪው። ለአንድ ሰው ብቻ። ከወደድሽው ቀጥዪ። ለመንተባተብ የሚያግዝ የንግግር ሕክምናም አለ፤ ልብሽ ከፈቀደ ጠያይቂ፣ ካልፈቀደም ይቅር።

ትተይዋለሽ ወይስ ትቀጥያለሽ የሚለውን አሁን አትወስኚ። ሰው ሲያፍር የሚወስነው ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ ቅጣት ነው። ለጊዜው ምንም አትጫኚ። ለተከታዮችሽ “ትንሽ እረፍት ወስጃለሁ፤ ደህና ነኝ” ብለሽ ጻፊላቸው፤ ምክንያት አትዘርዝሪ። እንደገና ስትመለሺ ተመልካች ቀንሶ ልታገኚ ትችያለሽ። ይቀንስ።

ብትቀጥዪ ግን ቡናው ላይ ካሜራ አይግባ። ለእናትሽ ቃል ግቢላቸው፤ ጎረቤቶቹም ከእሳቸው አፍ ይስሙት። ሌላው ሰፊ ነው። እናትሽ ከፈቀዱ የበርበሬው ቅንጠሳ አለ፤ ፊትም ባይታይ እጃቸው ይበቃል። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ባለው የእግረኛ መንገድ ማታ ማታ ስልካቸውን አቁመው የሚቀርጹትን ወጣቶች ታያለሽ፤ ያንቺ ዓይን እዚያ ምን እንደሚያይ እኔም ለማየት እጓጓለሁ። የሄዱትን ጎረቤቶችም አዲሱ ቤታቸው ድረስ ሄደሽ፣ ፈቃደኛ የሆኑትን ብቻ፣ እንዴት እንደለመዱት ብትጠይቂያቸው የሰፈርሽ ሰው ሁሉ ያየዋል። እና ቪዲዮ ላይ ለሚታይ ሰው ሁሉ ከመጫንሽ በፊት አሳዪው። “ይቺን አውጪልኝ” ካለ ይወጣል፤ ክርክር የለም። በዚህ ምክንያት በጣም የወደድሻቸው ቦታዎች ይጠፉብሻል። ያንገበግባል፤ እሱን አልክድሽም።

እትዬን ካገኘሻቸው በኋላ ጻፊልኝ፤ ለዓምዱ ሳይሆን ለእኔ። የቲክቶኩን አቤቱታ ግን አታሳድሪው።